ባለመስቀሏ ሸረሪት እና የሚወራባት ነገር

ጠዋት አትክልት መሃል ስንገባ ፊታችን ላይ የሚለጠፈው ክብ ድር ባለቤት አለው። ጀርባዋ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች መስቀል ይሠራሉ። ሳይንሳዊ ስሟ አራኔየስ ዲያዴማቱስ ነው። ስለ እሷ ከሚወራው ብዙው ልክ አይደለም።

«ድሩ ሁሉ ይጣበቃል።» ይሄኛውን ቀረብ ብሎ ማየት ነው። ከመሃል ወደ ዳር እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ የተዘረጉት ክሮች ደረቅ ናቸው። የሚጣበቀው በእነሱ ላይ እየዞረ የሚሄደው ክር ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጥቃቅን የሙጫ ጠብታዎች እንደ ዶቃ ተሰክተውበታል። እሷ በአብዛኛው ደረቁን እየመረጠች ትረግጣለች። የእግሯ ፀጉርም ከሙጫው ጋር ብዙ እንዳትነካካ ይረዳታል።

«አንዴ ሠርታ ቁጭ ትላለች።» ጣሪያ ጥግ ላይ አቧራ የለበሰውን ድር እያሰብን ይመስለኛል። እሷ ግን ብዙ ጊዜ በየቀኑ አዲስ ትሠራለች። አሮጌውስ? ትበላዋለች! ክሩ ፕሮቲን ስለሆነ ለአዲሱ ድር ጥሬ ዕቃ ይሆናታል። ሥራው አንድ ሰዓት ገደማ ቢፈጅባት ነው። ስለዚህ ሳናይ ብንበጥስባት ብዙም አንጨነቅ።

«8 ዓይን ስላላት ምንም አያመልጣትም።» ዓይኗስ ደካማ ነው። ቁልቁል ተንጠልጥላ፣ እግሮቿን ክሮቹ ላይ አሳርፋ፣ ንዝረት ትጠብቃለች። የሚነዝር ነገር ድሩን ቢነካ ዝንብ መስሏት ልትሮጥ ትችላለች።

«ያለ ምድር ስበት ድር አይሠራም።» ተሞክሯል። በ1973 እ.ኤ.አ. አራቤላ እና አኒታ የተባሉ ሁለት ባለመስቀል ሸረሪቶች ስካይላብ በተባለው የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ድር ሠርተዋል። መጀመሪያ ላይ የተዝረከረከ ነበር። ትንሽ ሲለምዱት ግን እየተስተካከለ መጣ።

«ነክሳ ትገድላለች።» ኧረ በፍጹም። ሰው ጨምቆ ካልያዛት መናከስም አይቀናት። ብትነክስም ሕመሙ ቀላል ነው።

«ባሏን ሁልጊዜ ትበላለች።» አንዳንዴ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም። እሱም ዝም ብሎ አይገባም። የራሱን ክር ድሯ ላይ አስሮ፣ እንደ ክራር እየነካካ ነው የሚቀርባት።

«ብርድ ሲመጣ ቤት ትገባለች።» ቤት ውስጥ የምናያት ሌላ ዓይነት ሸረሪት ናት። ይቺኛዋ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል በሐር ጠቅልላ ትሞታለች። ብርዱ ሲያልፍ ጫጩቶቹ ይፈለፈሉና ተጠጋግተው ትንሽ ቢጫ ኳስ ይመስላሉ። ነካ ሲያደርጓቸው ኳሱ ይበተናል። ቆይቶ ደግሞ ተመልሶ ይሰበሰባል።