ስለ ፋን ፊክሽን አንባቢዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፋን ፊክሽን አንድ ሰው የሚወዳቸውን የልብወለድ ወይም የፊልም ገጸ ባሕርያት ወስዶ የሚጽፍላቸው አዲስ ታሪክ ነው። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አለቃ ገብረ ሐና ያልተናገሩት ስንት ቀልድ ነው በስማቸው ሲወራ የኖረው? ሰውየው የታወቁ፣ ጨዋታው አዲስ። የዛሬው በስልክ ይነበባል፣ በዘውግ ይከፈላል፣ መለያም ይለጠፍበታል፤ አንባቢዎቹ ታግ ይሉታል።

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ማታ ብርዱ ሲጠና ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ስልክ ላይ ማንበብ የሚገርም አይደለም። እንዲህ ያለውን አንባቢ «ምን ታነባለህ?» ቢሉት ከሚወደው ይልቅ የማያነበውን ቀድሞ ይቆጥራል፤ «የሞት አልወድም፣ ያላለቀ አልጀምርም፣ ይሄን ዓይነቱን ደግሞ ጭራሽ አልነካም።» ሰሚው ቅብጠት ይመስለዋል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚያ የሚነሱ ናቸው። ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ፋን ፊክሽን ማለት የብልግና ጽሑፍ ነው»

እንዲህ ያለው መኖሩ አይካድም፤ ግን ከብዙ አንዱ ነው። በ2009 ለሕዝብ የተከፈተው፣ ያለ ማስታወቂያ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራውና በ2019 ሁጎ የተባለውን የሳይንስ ልብወለድ ሽልማት ያገኘው አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን የተባለ የፋን ፊክሽን ድረ ገጽ (አንባቢዎቹ ኤኦ3 ይሉታል) እያንዳንዱን ሥራ በዕድሜ ደረጃ ይከፍላል፤ ለሁሉም፣ ከአሥራዎቹ ዕድሜ ጀምሮ፣ ለአዋቂ፣ ምንም ያልተሸፈነበት፣ እና ደረጃ ያልተሰጠው። ሰው የሚሳሳተው በመጨረሻው ላይ ነው። «ደረጃ ያልተሰጠው» ማለት «ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም፤ ድረ ገጹ ራሱ እንደ አዋቂ ጽሑፍ ቆጥሮ ነው የሚያስጠነቅቀው። ፍቅር ዋና ጉዳዩ ያልሆነ ታሪክ የሚፈልግ «ጄን» የሚባለውን ምድብ ይምረጥ፤ ጀብዱው፣ ምርመራው፣ የቤተሰቡ ታሪክ እዚያ ነው።

«በሁለት ሰዎች ስም መሐል ምልክት ካለ የፍቅር ታሪክ ነው»

ምልክቶቹ ሁለት ናቸው። ዘንበል ያለችው መስመር (/) የፍቅር ግንኙነትን ታመለክታለች፤ ይህ አጻጻፍ በ1970ዎቹ ስታር ትሬክ ከተባለው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም አድናቂዎች የመጣ ነው። ሌላዋ (&) ጓደኝነትን፣ ወንድማማችነትን፣ የአባትና የልጅን ነገር ነው የምታሳየው። የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር የማያነብ ሰው የሁለት ወንዶች ስም ተጣምሮ ባየ ቁጥር ከዘለለ፣ ምርጥ ምርጡን የጓደኛሞች ታሪክ ሁሉ አብሮ ይጥለዋል። ምልክቷን ይይ፤ ያ ካልበቃው ፊልተሩ (ማጣሪያው) ውስጥ «ኤክስክሉድ» (አስወግድ) በሚለው ሥር የማይፈልገውን ምድብ ምልክት ያድርግበት።

«አንባቢ ሐዘን አይወድም፤ መጨረሻው ደስ የሚል ካልሆነ አያነብም»

ሙሾ ሰምቶ ግጥሙን ይዞ በሚሄድ አገር ይህን ማለት ይከብዳል። ፍላፍ የሚባለው፣ ጭንቀት የሌለበት ቀላል ታሪክ፣ ብዙ ወዳጅ አለው። አንግስት የሚባለው ሆድ የሚያስብሰውም እንደዚያው። በሁለቱ መሐል ደግሞ አንዱ የሚጎዳበት ሌላው የሚያስታምምበት ዘውግ አለ፤ አንባቢው ስቃዩን የሚታገሠው ማስታመሙን ሽቶ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊዎች የሚያበላሹት መጠኑን ነው። አሥር ምዕራፍ ቁስል ጽፈው ማስታመሙን በሁለት አንቀጽ የሚዘጉ አሉ፤ አንባቢው የተበደለ ያህል ይሰማዋል፣ እውነቱንም ነው።

አንባቢ አጥብቆ የሚሸሸው ሳይነገረው የሚመጣን ሞት ነው። አርተር ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆልምስን በ1893 ሲገድለው አንባቢው ተቆጣ፤ በ1903 ደራሲው ራሱ ከሞት መለሰው። ዛሬ እንዲህ ያለውን ጥገና አድናቂዎች ራሳቸው ይጽፉታል፤ «ፊክስ ኢት» ይባላል፣ የሞተው ያልሞተበት ታሪክ ማለት ነው። ሞቱ ቀድሞ የተነገረበትን ሥራ ግን ፈልጎ የሚያነብ ሞልቷል። «ታግ ታሪኩን አስቀድሞ ያወጣዋል» የሚሉ ጸሐፊዎች ይህን ይዘነጉታል። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ለቅሶ መሆኑን አውቆ ነጠላውን አዘቅዝቆ ነው የሚሄደው፤ አውቆ መሄዱ ሐዘኑን አይቀንሰውም።

በኤኦ3 ማስጠንቀቂያ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሁለት የሚመሳሰሉ ጽሑፎች ይታያሉ፤ አንደኛው «ከማስጠንቀቂያዎቹ አንዱም አይመለከተውም» ነው፣ ሁለተኛው «ጸሐፊው ማስጠንቀቂያ ላለመጠቀም መርጧል»። ሁለተኛው ማለት ውስጡ ማንኛውም ነገር ሊኖር ይችላል ማለት ነው፤ ግድያም፣ መድፈርም፣ የዋናው ሰው ሞትም። ስለዚህ የዋና ገጸ ባሕርይ ሞትን ብቻ «ኤክስክሉድ» ያደረገ ሰው አሁንም ሞት ሊያጋጥመው ይችላል። በእርግጥ መሸሽ የሚፈልግ የዋና ገጸ ባሕርይ ሞትንም፣ «ማስጠንቀቂያ ላለመጠቀም መርጧል» የሚለውንም አብሮ ማውጣት አለበት።

«ቦታና ዘመን የቀየረ ጸሐፊ ዋናውን አያውቅም፤ አንባቢም አይወድለትም»

ኤዩ የሚባለው፣ ገጸ ባሕርያቱን ሌላ ዓለም ውስጥ የሚያኖር ጽሑፍ፣ ከተወዳጆቹ አንዱ ነው። የሚጠላው በሁለት ምክንያት ነው፤ ሰውየው ሌላ ሰው ሲሆን፣ ወይም ቦታው ስም ብቻ ሲሆን።

የታወቀውን የካፌ ኤዩ እንውሰድ። በፈረንጁ ታሪክ ቡና ቀጂው የደንበኛውን ስም የወረቀት ኩባያ ላይ ይጽፋል፣ ይሳሳታል፣ ከዚያ መተዋወቅ ይጀመራል። ይህንኑ እንዳለ አምጥቶ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ጀበና ቡና ቤት ውስጥ የሚያስቀምጥ ጸሐፊ አንባቢውን እዚያው ያጣዋል። ሲኒ ላይ ስም አይጻፍም። ጀበና ቡና ግን ካፌው የሌለው ነገር አለው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስት ጊዜ እስኪቀዳ እንግዳው በርጩማው ላይ ይቆያል። አቦል ላይ ዝም ያለ ሰው ቶና ላይ ስለ ውርጩ ያማርራል፤ በረካ ላይ ደግሞ «ነገም እመጣለሁ» ይላል። ሦስት ትዕይንት ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፣ ጸሐፊው መቅዳት ብቻ ነው የቀረው። ምርቃት ሳይቀበል ቶና ላይ ተነሥቶ የሄደ ገጸ ባሕርይ ደግሞ ያለ አንድ ቃል ብዙ ይናገራል።

የቦታ ስህተት የሰሜን ሸዋ አንባቢ አያልፍም። ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ ሸዋ ሮቢት የደረሰ ሰው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። እዚያ ቀትር ላይ ጋቢ ተከናንቦ የተቀመጠ ጀግና ወይ ወባ ይዞታል ወይ ጸሐፊው መንገዱን አያውቀውም።

ሲቀየር የማይነካው ምንድን ነው? አነጋገሩ፣ የሚፈራው ነገር፣ እና ከማን ጋር እንደማይስማማ። ሥራው፣ ልብሱ፣ ከተማው ይቀየር። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከተቀየሩ ግን አንባቢው «ይሄ እሱ አይደለም» ብሎ ይዘጋዋል።

«አንባቢውን ራሱን ገጸ ባሕርይ ማድረግ በአማርኛም ያው ነው»

አይደለም። አንባቢውን የታሪኩ ባለቤት አድርጎ የሚጽፈው ዘውግ በእንግሊዝኛ የሚሠራው የዚያ ቋንቋ ሁለተኛ መደብ ጾታ ስለሌለው ነው፤ ወንዱም ሴቷም ራሳቸውን ያስገቡበታል። አማርኛ ገና «ገባህ» ወይም «ገባሽ» ሲል ግማሹን አንባቢ ያስወጣል። «ገቡ» ብሎ በእርስዎ ቢጻፍ ደግሞ የፍቅር ታሪኩ የቀበሌ ደብዳቤ ይመስላል። ሁለቱን እየደባለቁ «ገባህ/ሽ» እያሉ መጻፍ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ከአንድ ገጽ በላይ የሚታገሠው የለም። የሚሻለው መጀመሪያ ላይ «ለሴት አንባቢ» ወይም «ለወንድ አንባቢ» ብሎ መለጠፍ፣ ወይም በአንደኛ መደብ መጻፍ ነው፤ «ገባሁ» ጾታ የለውም።

አንቱታም እንዲሁ ነው። ከእንግሊዝኛ የተመለሰ ታሪክ ውስጥ ተማሪው መምህሩን «አንተ ታውቃለህ፣ አቶ እገሌ» ሲል አንባቢው ተማሪው ባለጌ እንዲሆን የተፈለገ ይመስለዋል፤ ሁለት ገጽ ሄዶ እንዳልሆነ ሲገባው ይተወዋል። «ጋሼ፣ እርስዎ ሳያውቁት ይቀራል?» ብሎ መጻፍ ምንም አያስከፍልም።

ይኸው አንቱታ ለስሎው በርን ታሪክ ሀብት ነው። ስሎው በርን ቀስ ብሎ የሚያድግ ፍቅር ነው፤ «ምንም የማይሆንበት» የሚሉት የኩበት እሳት ያላዩ ናቸው። ኩበት ነበልባል የለውም፣ ግን አይጠፋም። በየምዕራፉ አንድ ነገር መለወጥ አለበት። በአማርኛ ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» የምትሻገረው ቀን ብቻዋን አንድ ምዕራፍ ትሸከማለች። አፍ አምልጦት «አንቺ» ያለ፣ ወዲያው ደንግጦ ወደ «እርስዎ» የተመለሰ ሰው ከመሳም በላይ ይጠበቃል።

«ያላለቀ ሥራ የሚያነብ የለም»

የሚያነብም የማያነብም አለ፤ ቁጥሩን ማየት ነው። 12/20 ማለት ከታሰበው ሃያ ምዕራፍ አሥራ ሁለቱ ወጥቷል። 12/? ማለት ጸሐፊው መጨረሻውን አልወሰነም። ቀጥሎ መጨረሻ የታደሰበትን ቀን ይመልከቱ፤ ባለ ጥያቄ ምልክቱ ዓመት ሙሉ ካልታደሰ ሳይጠብቁ ማለፍ ይሻላል። ኔትወርክ ወደሚቸግርበት ገጠር፣ ወደ መንዝም ይሁን ወደ መርሐቤቴ፣ የሚሄድ አንባቢ ያለቁትን ብቻ መርጦ ቢያወርድ ያዋጣዋል። ኤኦ3 ኢፐብና ፒዲኤፍን ጨምሮ በአምስት ዓይነት ፋይል ያወርዳል። የወረደው ፋይል ግን በወረደበት ቀን ይቆማል፣ አዲስ ምዕራፍ ሲወጣ ራሱን አያድስም። ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ ኤችቲኤምኤሉን አውርዶ በስልኩ ብራውዘር መክፈት ነው።

«አዲስ ገጸ ባሕርይ ከገባበት አንባቢ ይሸሻል»

የሚሸሸው ሜሪ ሱን ነው። ይህቺ ፓውላ ስሚዝ በ1973 በስታር ትሬክ አድናቂዎች መጽሔት ላይ ለቀልድ የፈጠረቻት፣ ገና በአሥራ አምስት ዓመት ተኩሏ መኮንን የሆነች፣ ሁሉ የሚሳካላትና ሁሉ የሚወዳት ልጅ ናት። አዲሱ ሰው አንድ ነገር ሲያቅተው፣ አንድ ሰው ያለ ምክንያት ሲጠላው፣ አንባቢ ይቀበለዋል።

«የቃል ብዛት በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው»

ብዙ አንባቢ በቃል ብዛት ያጣራል፤ ከዚህ በታች አልጀምርም፣ ከዚያ በላይ አልጨርስም እያለ። ይህ ልማድ ከእንግሊዝኛው የመጣ ስለሆነ አማርኛ ላይ ያሳስታል። «አልነገረችኝም» አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው አምስት ቃል ይፈልጋል። ስለዚህ የ2,000 ቃል አማርኛ ታሪክ «አጭር» ተብሎ ቢዘለልም የሚይዘው ነገር ከእኩያው ይበልጣል። ድራብል የሚባለው ልክ 100 ቃል የሆነ ታሪክ ደግሞ ለአማርኛ ምቹ ነው፤ ቅኔ የለመደ እጅ በመቶ ቃል ብዙ ይሠራል።

«በነጻ ስለሚነበብ የአጻጻፍ ስህተት ማንም አይቆጥርም»

ይቆጥራል፤ አስተያየት ሳይሰጥ ገጹን ስለሚዘጋ ነው የማይታወቀው። በስልክ ላይ አንቀጽ ያልተከፈለበት ጽሑፍ ግድግዳ ነው። አራት ነጥብን በሁለት ሁለት ነጥብ (፡፡) የሚጽፉ አሉ፤ መስመር መጨረሻ ላይ ሲደርስ አንዱ እዚህ ሌላው ታች መስመር ላይ ሊወድቅ ይችላል። ኪቦርዱ ላይ አንድ ሆኖ የተሠራው «።» አለ፣ እሱን መጠቀም ነው።

ጉዱ ያለው ግን መለያው ላይ ነው። «ሐዘን»፣ «ሀዘን»፣ «ኀዘን» ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለፍለጋ ሦስት። «ፍጻሜ» እና «ፍፃሜ»ም እንዲሁ። ኤኦ3 ላይ ተመሳሳይ ታጎችን የሚያገናኙ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ ተከታታይ ልብወለድ በሚለቀቅባቸው የቴሌግራም ቻናሎች ግን ያ ሥራ የጸሐፊው ነው። አንድ አጻጻፍ መርጦ ቻናሉ አናት ላይ መለጠፍና ከዚያ አለመውጣት። በታጉ ቃላት መሐል ክፍት ቦታ አይገባም፤ «#አሳዛኝ ፍጻሜ» ከተባለ የሚሠራው «#አሳዛኝ» ብቻ ስለሆነ «#አሳዛኝ_ፍጻሜ» ተብሎ ይያያዛል። ቴሌግራም የማይፈለገውን ታግ ለይቶ የሚያወጣ ፊልተር ስለሌለው ደግሞ መለያው ከጽሑፉ በታች ሳይሆን የመጀመሪያው መስመር ላይ ይቀመጥ፤ ታች ከሆነ አንባቢው የሚያየው የፈራውን ካነበበ በኋላ ነው።