ኩኪ ምንድን ነው? ብራውዘራችን ኪስ ውስጥ ስላለው ካርድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኮምፒውተሬ ተበላሽቶብኝ ሰፈር ውስጥ ወዳለ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ኢሜይሌን ልከፍት የድረ ገጹን አድራሻ ጻፍኩ። የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ የማላውቃት ሴት የመልእክት ሳጥን ፊቴ ተዘረገፈ። ከላይ ፎቶዋ አለ፤ ከሥሩ የቪዛ ቀጠሮ ማስታወቂያ፣ ዝቅ ብሎ ከልጇ ትምህርት ቤት የመጣ ደብዳቤ። የይለፍ ቃሏን አላውቅም፣ የሰረቅኩትም ነገር የለም። መስኮቱን ስትዘጋ ከአካውንቷ የወጣች መስሏት ሂሳቧን ከፍላ ሄዳለች። ኮምፒውተሩ ላይ ትታው የሄደችው ትንሽ ነገር ኩኪ ይባላል።

ከሻይ ጋር የሚቀርበው ኩኪስ ትዝ ያለው አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ፕሮግራም ጻፊዎች ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው እንዳለ የሚተላለፍን ትንሽ መረጃ ቀድሞም «አስማተኛ ኩኪ» ይሉት ነበር፤ ስሙ የተወሰደው ከዚያ ነው። በድረ ገጽ ዓለም ኩኪ ማለት አንድ ድረ ገጽ በብራውዘራችን ውስጥ፣ ማለትም በክሮም፣ በፋየርፎክስ ወይም በሳፋሪ ውስጥ፣ የሚያስቀምጠው አጭር ጽሑፍ ነው። መጠኑ ከ4 ኪሎባይት ገደማ አያልፍም። ጽሑፍ እንጂ ፕሮግራም ስላልሆነ በራሱ ተነሥቶ የሚሠራው ነገር የለም፤ «ኩኪ ቫይረስ ነው» የሚሉ ሰዎች የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ለምን አስፈለገ? ድረ ገጽ የሚላክበት ሥርዓት ከመነሻው ዝንጉ ስለሆነ ነው። ገጹን ይጠይቃሉ፣ ሰርቨሩ፣ ማለትም ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ይልካል፣ ወዲያው ይረሳዎታል። ከሁለት ሴኮንድ በኋላ ሌላ ገጽ ሲጠይቁ ለእሱ አዲስ እንግዳ ነዎት። የመንግሥት ሆስፒታል ደጅ የጠና ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ባለፈው ወር ያየችዎት ሐኪም ዛሬ ላታስታውስዎት ትችላለች፤ ካርድ ክፍል ሄደው ቁጥርዎን ሲሰጡ ግን ፋይልዎ ከመደርደሪያ ይወጣል። እጅዎ ላይ ያለችው ትንሽ ካርድ በሽታዎን አትናገርም፤ የያዘችው ቁጥር ብቻ ነው። ታሪክዎ ያለው እነሱ ዘንድ ነው። አብዛኛው ኩኪም እንዲሁ ነው።

ሰርቨሩ ለብራውዘሩ የሚሰጠውን ካርድ በእኛ ፊደል ብንጽፈው ይህን ይመስላል፦ «መለያ=8ቀ41ዘ7ፐ2፤ የሚቆየው=30 ቀን፤ የሚላከው=በተመሰጠረ መስመር ብቻ»። ከዚያ በኋላ በዚያ ድረ ገጽ ላይ አንድ ነገር በተጫኑ ቁጥር ብራውዘርዎ እርስዎን ሳያስቸግር «መለያ=8ቀ41ዘ7ፐ2» እያለ ያሳያል። ሰርቨሩም ፋይሉን አውጥቶ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል። የሚቆይበት ጊዜ ካልተጻፈበት ብራውዘሩ ሲዘጋ ይጠፋል ተብሎ ይታሰባል፤ የትናንቱን ገጾች መልሶ እንዲከፍት የተደረገ ብራውዘር ግን ብዙ ጊዜ ያቆየዋል። ጊዜ ሲጻፍበትም ዓመት መክረም ይችላል፤ ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ጣሪያውን 400 ቀን አድርጎታል።

ነገሩን የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1994 ኔትስኬፕ በተባለ የብራውዘር ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ነው። ኤምሲአይ የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ በኢንተርኔት መደብር ሊከፍት ፈልጎ ነበር፤ ደንበኛው መርጦ ያልከፈለበትን ዕቃ ግን በራሱ ሰርቨር መያዝ አልወደደም። ለእያንዳንዱ ብራውዘር አንድ የማይለወጥ ቁጥር መስጠት ቀላሉ መፍትሔ ነበር። ሞንቱሊ ይህን አልተቀበለውም፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ካለ ማንም ሰውን ከገጽ ገጽ እየተከተለ ሊሰልለው እንደሚችል ታይቶታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ድረ ገጽ የራሱን ካርድ እንዲሰጥ፣ አንዱ የሌላውን ካርድ እንዳያነብ አደረገ። የባንክዎ ኩኪ ለባንክዎ ብቻ ይታያል፤ የጋዜጣው ለጋዜጣው።

አጥሩ ግን በር ተተወለት። አንድ ገጽ ሲከፍቱ የሚያዩት ነገር ሁሉ ከአንድ ቦታ አይመጣም። ዜናው ከጋዜጣው ሰርቨር ይመጣል፤ በጎኑ ያለው የማስታወቂያ ሥዕል ከማስታወቂያ ኩባንያው ሰርቨር። ያ ኩባንያም ሥዕሉን ሲልክ የራሱን ኩኪ አብሮ ያስቀምጣል፤ የሦስተኛ ወገን ኩኪ የሚባለው ይህ ነው። ጠዋት ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ ያያሉ፣ ከምሳ በኋላ የኳስ ዜና፣ ማታ የዶሮ ወጥ አሠራር። ሦስቱ ድረ ገጾች አይተዋወቁም፤ በሦስቱም ላይ ማስታወቂያ ያለው ድርጅት ግን ያንኑ ካርድ ሦስት ጊዜ አየ። የዱባዩ ትኬት በርበሬና ቀይ ሽንኩርት መካከል ብቅ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ስምዎን ላያውቅ ይችላል፤ ከእነዚህ ገጾች በአንዱ ኢሜይልዎን እስኪጽፉ ድረስ።

ሳፋሪ እ.ኤ.አ. በ2020 ይህን ዓይነቱን ኩኪ ሙሉ በሙሉ ዘጋ። ፋየርፎክስ በ2022 እያንዳንዱን ድረ ገጽ በየራሱ ማሰሮ ለየው፤ አንዱ ማሰሮ ውስጥ የገባ ኩኪ ሌላው ዘንድ አይታይም። ጉግል በ2020 «ከክሮም አስወግደዋለሁ» ብሎ ቃል ገባ፣ ቀኑን ደጋግሞ አራዘመ፣ በ2024 ሐሳቡን ቀየረ። እንጀራው ማስታወቂያ ከሆነ ኩባንያ ሌላ ነገር መጠበቅ የዋህነት ይመስለኛል። ስለዚህ ክሮም የሚጠቀሙ ከሆነ በእጅዎ ይዝጉት፦ ቅንብሮች፣ ቀጥሎ ግላዊነት እና ደህንነት፣ ቀጥሎ የሦስተኛ ወገን ኩኪዎች። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚበላሽብዎትም ነገር ጥቂት ነው።

አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ገጽ በከፈቱ ቁጥር የሚጋረጥባቸው «ሁሉንም ተቀበል» የሚል ሰሌዳም የዚሁ ታሪክ አካል ነው። ሕጉ ፈቃድ ጠይቁ ይላል፤ ድርጅቶቹ ደግሞ እሺታውን በትልቅ ቁልፍ፣ እምቢታውን በሦስት ገጽ ጀርባ አድርገው ጠየቁ። የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ በጥር 2022 ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው እምቢ ማለትን እንደ እሺታው ቀላል ስላላደረጉ ነበር። «ውድቅ አድርግ» የሚለውን ከመጫን ወደኋላ አይበሉ፤ ለገጹ ሥራ የግድ የሚያስፈልጉት ኩኪዎች እንደሆነ ያለ ፈቃድም ይቀመጣሉ።

እንግዲህ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ማስታወቂያ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላው፣ ወደ አካውንት ከገባን በኋላ የሚሰጠን ኩኪ ነው። አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት በር ላይ ጥበቃው መታወቂያዎን አገላብጦ አይቶ ባጅ ይሰጥዎታል። ከዚያ በኋላ ፎቅ ላይ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም፤ ደረትዎ ላይ ያለው ባጅ ይበቃል። ባጁን የሰረቀ ሰውም እንደ እርስዎ ይዘዋወራል። የይለፍ ቃልና በስልክ የሚመጣው ኮድ የሚጠየቁት በሩ ላይ ነው። ኩኪው ባጁ ነው። ስለዚህ ኩኪውን የወሰደ ሌባ ሁለቱም አያስፈልጉትም።

እ.ኤ.አ. በ2010 ፋየርሺፕ የሚባል የፋየርፎክስ ማሟያ ወጥቶ ይህን ለዓለም አሳየ። ካፌ ውስጥ ክፍት ዋይፋይ ላይ የተቀመጠ ሰው አጠገቡ ያሉትን ሰዎች የፌስቡክ ኩኪ ለቅሞ በስማቸው ይገባ ነበር። ትልልቆቹ ድረ ገጾች መስመራቸውን በሙሉ ወደ ማመስጠር ያዘነበሉት በዚያ ሰሞን ነው፤ ያ በር ዛሬ በአብዛኛው ተዘግቷል። አሁን ሌባው የሚገባው ራሳችን በከፈትንለት በኩል ነው። ጉግል በ2021 ይፋ ባደረገው ጥናት የዩቲዩብ ቻናል ባለቤቶች «ምርታችንን አስተዋውቁልን» የሚል ኢሜይል ይደርሳቸው ነበር፤ «እስቲ ይሞክሩት» የተባሉትን ፕሮግራም ሲጭኑ ፕሮግራሙ ኩኪዎቻቸውን ጠራርጎ ይልካል። ክፍያ እንዳይጠይቁ ተሰብረው በነጻ የሚታደሉ ፕሮግራሞችም የዚህ ዓይነት ሸክም ይዘው መገኘታቸው የተለመደ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ልዩነት አለ። ኩኪን ከኮምፒውተር ላይ ማጥፋትና ከአካውንት መውጣት አንድ አይደሉም። ኩኪውን ሲያጠፉ የእርስዎን ካርድ ቀደዱ እንጂ ሌባው የገለበጠው ቅጂ እስኪሻር ድረስ ይሠራል። «ውጣ» የሚለውን ሲጫኑ ግን በደንብ የተሠራ ሰርቨር ቁጥሩን ራሱን ይሽረዋል። ተሰርቄ ይሆናል ብለው ከጠረጠሩ መጀመሪያ ንጹሕ በሆነ ሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ይግቡና «ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ» የሚለውን ይጫኑ፤ የይለፍ ቃሉን መቀየር ከዚያ ይከተላል። በሰው ኮምፒውተር ሲጠቀሙ ደግሞ ማንነት የማያሳውቀውን መስኮት ይክፈቱ፤ መስኮቱን ሲዘጉት ኩኪዎቹ አብረው ይጠፋሉ። ስሙ ማንነት አያሳውቅም ቢልም ከኢንተርኔት አቅራቢዎ ግን አይሰውርዎትም።

በዚያ ኢንተርኔት ቤት መጀመሪያ የታሰበኝ ለሴትዮዋ መልእክት መጻፍ ነበር። በራሷ ሳጥን፣ በራሷ ስም፣ ከራሷ ለራሷ የተላከ ደብዳቤ ብታይ ግን ምን ያህል እንደምትደነግጥ ሳስበው ተውኩት። ፎቶዋን ተጫንኩ፣ «ውጣ» የሚለውን መረጥኩ፣ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ገጽ መጣ።