ፍሬኖሎጂ ምንድን ነው? የጭንቅላት ዳሰሳ "ሳይንስ" ታሪክ

በ1809 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ታዋቂው የሙዚቃ ሰው ዮሴፍ ሃይደን ቪየና ውስጥ ሞቶ ተቀበረ። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ሁለት ሰዎች ለመቃብር ቆፋሪው ጉቦ ሰጡና ጭንቅላቱን አስወሰዱ። ተራ ሌቦች እንዳይመስሏችሁ። አንዱ የእስር ቤት ኃላፊ ነበር፣ ሌላው ሮዘንባውም የሚባል የሃይደን ወዳጅ። የፈለጉት ወርቅ ሳይሆን ጉብታ ነው። የሙዚቃ ተሰጥኦ የራስ ቅል ላይ ጉብ ብሎ ይታያል የሚል ትምህርት ሰምተዋል። ቅሉን አጽድተው ዳሰሱት። አገኘነው አሉ!

ያ ትምህርት በኋላ ፍሬኖሎጂ ተባለ። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ "ፍሬን" አእምሮ ማለት ነው። ከመኪናው ፍሬን ጋር ዝምድና የለውም፤ ቢኖረው ግን አይጠላም ነበር።

የሐሳቡ አባት በ1758 የተወለደው ጀርመናዊው ሐኪም ፍራንስ ዮሴፍ ጋል ነው። እሱ ራሱ እንደሚለው፣ ነገሩ የጀመረው ትምህርት ቤት ነው። ጎበዝ ሸምዳጆች የሆኑት ልጆች ዓይናቸው ጎላ ጎላ ያለ ሆኖ አገኘው። እንግዲህ ቃል የሚይዘው የአንጎል ክፍል ከዓይን ኋላ ነው፣ ሲያድግም ዓይንን ወደ ውጭ ይገፋል ብሎ ደመደመ። ከዚያ ቀጠለበት። አንጎል 27 ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ለፍቅር፣ አንዱ ለኩራት፣ አንዱ ለስርቆት። የበረታው ክፍል ይተልቃል፣ በላዩ ያለው አጥንትም ይነሳል። ስለዚህ ጭንቅላት የዳሰሰ ሰው ጠባይ ያውቃል።

ለዚህ ማስረጃው ምን ነበር? "የማጥፋት" ክፍል ያለው ከጆሮ በላይ ነው ያለበትን ምክንያት ስሙ። ሥጋ በል እንስሳት እዚያ ጋ ሰፋ ይላሉ። እንስሳ ማሰቃየት የሚወድ አንድ ተማሪም እዚያ ጋ ጉብታ ነበረው። መድኃኒት ቀማሚነቱን ትቶ ሰው ሰቃይ የሆነ ሌላ ሰውም እንዲሁ። አለቀ። ጉብታው ኖሯቸው ዝንብ የማይገድሉ ስንት ሰዎች አሉ ብሎ የቆጠረ የለም።

የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት በ1801 የጋልን ትምህርት ከለከሉ። የከለከሉት ግን ማስረጃው ስለሳሳ ሳይሆን ሃይማኖትን ይነካል ብለው ነው። ጋል ከተማሪው ከሽፑርትስሃይም ጋር አውሮፓን ሲዞር ቆይቶ በ1807 ፓሪስ ተቀመጠ። ሽፑርትስሃይም የክፍሎቹን ቁጥር ከ30 በላይ አደረሰና ትምህርቱን እንግሊዝና አሜሪካ አስገባ፤ በ1832 ቦስተን ውስጥ ሞተ። በ1820 ኤድንብራ ውስጥ የፍሬኖሎጂ ማኅበር ተቋቋመ። ኒው ዮርክ ውስጥ ደግሞ ፋውለር የሚባሉ ወንድማማቾች ሥራዬ ብለው ገበያ አደረጉት። ሠራተኛ ልትቀጥር ነው? ልታገባ ነው? ና፣ ጭንቅላትህን እንይልህ። ዛሬ ጌጥ ሆኖ የሚሸጠው፣ በመስመር የተከፋፈለው ነጭ የሸክላ ጭንቅላት የዚያ ዘመን ቅሪት ነው።

ነገሩ ሳቅ ብቻ አይደለም። ባርነትን የሚደግፉ አሜሪካውያን የአፍሪካውያን የራስ ቅል ለመገዛት የተፈጠረ ነው እያሉ ይኸንኑ ትምህርት ጠቀሱ። ባርነትን የሚቃወሙ ፍሬኖሎጂስቶችም ነበሩ። በአንድ ዓይነት ጉብታ ሁለቱም ወገን የፈለገውን ማንበብ ቻለ። እኔ ከሁሉም የሚያስጠረጥረኝ ይሄ ነው። መነኩሴ የሚመስል ሰው የሌባ ጉብታ ቢገኝበት፣ "ሌላው ጉብታው ተቆጣጥሮለታል" ይባላል። በእንዲህ ዓይነት ጨዋታ መሸነፍ የሚባል ነገር የለም።

ሐኪሞች ግን ዝም አላሉም። የራስ ቅል ውጩና ውስጡ አንድ ዓይነት ቅርጽ የለውም። ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ከቅንድብ በላይ ደግሞ አየር የያዘ ባዶ ክፍተት አለ። እዚያ ጋ የሚዳሰሰው ጉብታ ስለ አንጎል ምንም አይናገርም። ፈረንሳዊው ፍሉራንስ የእርግቦችንና የጥንቸሎችን አንጎል እየቆረጠ ሞከረ፤ ጋል የዘረዘራቸውን ክፍሎች አላገኘም። በ2018 ደግሞ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ወደ 6000 በሚጠጉ ሰዎች የኤምአርአይ ምስል ነገሩን እንደገና ፈተሹት። የጭንቅላት ቅርጽ ከጠባይ ጋር አልገጠመም።

ጋል ሁሉንም ግን አልሳተም፤ ይህን መካድ ነውር ነው። በ1861 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ መናገር የተሳነው አንድ ሕመምተኛ ሲሞት አንጎሉን መረመረ። የተጎዳው በግራ በኩል ያለው የፊተኛው ክፍል ነበር። የተለያየ የአንጎል ቦታ የተለያየ ሥራ አለው የሚለው ሐሳብ እንግዲህ እውነት ሆነ። ውሸቱ በጣት ዳስሰን እናነበዋለን የሚለው ነው።

የሃይደን ጭንቅላትስ? በ1820 አስከሬኑን አይዘንሽታት ወደምትባል የኦስትሪያ ከተማ ለማዛወር መቃብሩ ሲከፈት ጭንቅላቱ የለም። ፖሊስ የሮዘንባውምን ቤት ፈተሸ። ቅሉ ፍራሽ ውስጥ ነበር፤ ሚስቱ አሞኛል ብላ ተኝታበት አላገኙትም። በኋላ የሌላ ሰው ቅል ተሰጣቸውና እሱን ቀበሩት። እውነተኛው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ በ1954 ከአካሉ ጋር ተገናኘ። የውሸቱን ግን ማንም አላወጣውም። ስለዚህ ሃይደን ዛሬም መቃብሩ ውስጥ ሁለት ጭንቅላት አለው።