«ይህ ውጤት አይወጣም» የሚለው ማን ነው?

አዳማ ውስጥ በአንድ የሕክምና ላቦራቶሪ የጥራት አስተባባሪ ነኝ። ስለ ሥራችን ከታካሚውም ከሐኪሙም፣ አንዳንዴም ከራሳችን ባለሙያዎች አፍ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች አንድ በአንድ ላንሣ።

«ማሽኑ አዲስ ከሆነ ውጤቱ ትክክል ነው»

ማሽን የሰጡትን ይለካል። ደሙ የማን እንደሆነና እንዴት እንደተቀዳ አያውቅም፤ አብዛኛው የላቦራቶሪ ስሕተት የሚፈጠረውም ናሙናው ማሽኑ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ነው። አንድ ቀን ፖታሲየም 9.4 የሚል ውጤት ወጣ፤ ካልሲየሙ ደግሞ እጅግ ዝቅተኛ። እንዲህ ያለ ፖታሲየም ልብን ሊያቆም ይችላል። ታካሚው ግን መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ለካ በቀይ ክዳኑ ቱቦ ውስጥ ያለው ደም ሲያንስ ከሐምራዊው ተገልብጦ ተሞልቶበታል። ሐምራዊው ቱቦ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ የፖታሲየም ጨው ነው፤ ፖታሲየሙን ያንራል፣ ካልሲየሙን አስሮ ይይዛል። ማሽኑ የለካው በትክክል ነበር።

የአዳማ ሙቀትም የራሱ ጣጣ አለው። ሴረሙ (ደም ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ) ሳይለይ የቆየ ደም ውስጥ ያለው ስኳር በክፍል ሙቀት በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል፤ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። ጠዋት በባዶ ሆድ 140 የነበረው ስኳር በባጃጅ ተጭኖ ከ3 ሰዓት በኋላ ሲለካ ወደ 115 ሊወርድ ይችላል። የስኳር በሽታ መለያው 126 ነውና፣ ሰውየው «ደኅና ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

«መዋቅር ማለት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ነው»

ወደ ፖታሲየሙ ልመለስ። ውጤቱን የያዘችው ሥራ ከጀመረች ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ደወለ፤ «ውጤቱን ብቻ ላኪልኝ፣ ትርጉሙን እኔ አውቃለሁ» አላት። የክፍሉ ኃላፊም ሰልፉ አስጨንቆት «ማስታወሻ ጽፈሽበት ይውጣ» አለ። እሷ ግን «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ናሙናው እንደገና ይቀዳ» ብላ ወደ እኔ መጣች። እኔ ተጠሪነቴ ለክፍሉ ኃላፊ ሳይሆን በቀጥታ ለላቦራቶሪው ኃላፊ ስለሆነ ውጤቱ ታገደ። በድጋሚ ሲቀዳ ፖታሲየሙ 4.2 ሆነ። ማን ለማን ተጠሪ እንደሆነ በሚያሳየው በዚያ ሥዕል ላይ ያለችው አንዲት መስመር ወዴት እንደምትሄድ የሚታየው እንዲህ ባለ ቀን ነው።

የሕክምና ላቦራቶሪዎች የጥራትና የብቃት ዓለም አቀፍ መስፈርት የሆነው፣ በ2022 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአይኤስኦ 15189 4ኛ እትምም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ሌላ ሥራ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ ለጥራት ሥርዓቱ ሥልጣን ያለው ሰው ይኑር። ስለዚህ ትንሽ ላቦራቶሪ «ለጥራት የምንቀጥረው ሰው የለንም» ብሎ ማመካኘት አይችልም። የላቦራቶሪው ኃላፊም ሥራውን በውክልና ይሰጣል እንጂ ተጠያቂነቱን አያስረክብም።

«ኮንትሮሉ ከወሰን ከወጣ እስኪገባ ደጋግሞ ማስኬድ ነው»

ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ኮንትሮል ማለት ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ፣ ማሽኑን ለመፈተሽ የሚለካ ናሙና ነው። ጤነኛ ማሽን እንኳ ከ20 የኮንትሮል ውጤት አንዱን ገደማ ከሁለት ስታንዳርድ ዴቪየሽን (ውጤቶች ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቁበት መጠን መለኪያ) ውጭ ያወጣል፤ ያ ማስጠንቀቂያ ነው። ከሦስት ካለፈ ግን ሥራው ይቆማል፤ ሪኤጀንቱ (የመመርመሪያው ኬሚካል)፣ ካሊብሬሽኑ (የማሽኑ ልኬት ማስተካከያ)፣ የማቀዝቀዣው ሙቀት መዝገብ ይታያል። እስኪገባ መደጋገም ሎተሪ መቁረጥ ነው።

«ስሕተትን መመዝገብ ራስን ማስከሰስ ነው»

መዝገቡ ባዶ የሆነ ላቦራቶሪ ያሠጋኛል። የቱቦው ጉዳይ ሲመዘገብ የጠየቅነው «ማን ገለበጠ?» ብለን ሳይሆን «ለምን መገልበጥ አስፈለገ?» ብለን ነው። መልሱ ቀላል ሆነ፦ ደም መቅጃው ክፍል ውስጥ ቱቦዎቹ የሚቀዱበትን ቅደም ተከተል የሚያሳይ ወረቀት አልነበረም፤ ደም ሲያንስ ምን እንደሚደረግም የተጻፈ የለም። አሁን ሁለቱም ከወንበሩ ፊት ለፊት ተለጥፈዋል።

«አምስት ኮከብ ያገኘ ላቦራቶሪ እውቅና አግኝቷል»

ኮከቡ የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቢሮ ላቦራቶሪዎች ደረጃ በደረጃ እንዲሻሻሉ የዘረጋው መለኪያ ነው፤ 55 በመቶ ያመጣ አንድ፣ 95 በመቶ ያመጣ አምስት ኮከብ ያገኛል። የአይኤስኦ 15189 እውቅና ግን ሌላ ነው፤ የሚሰጠውም በእውቅና ሰጪ ተቋም ነው። በዚያ ላይ እውቅናው የሚዘረዝረው ምርመራዎችን ነው። ለስኳር ምርመራ እውቅና ያለው ላቦራቶሪ ለታይሮይድ ላይኖረው ይችላል፤ የምስክር ወረቀቱን ካዩ አብሮ የተያያዘውን ዝርዝርም ይጠይቁ።