የአሽቦርን የሁለት ቀን ኳስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሽቦርን በእንግሊዝ ደርቢሻየር የምትገኝ ትንሽ የገበያ ከተማ ናት። ምዕራባውያን ዐቢይ ጾምን ሊይዙ በዋዜማው ማክሰኞና ጾሙ በሚገባበት ረቡዕ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አንዲት ኳስ ይዘው ከተማውን፣ ማሳውንና ወንዙን ያምሳሉ። ጨዋታው ሮያል ሽሮቭታይድ ፉትቦል (ንጉሣዊው የሽሮቭታይድ እግር ኳስ) ይባላል። ስለ እሱ የሚወራው ግን ግማሹ ስህተት ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

"ጎል የሚገባው በተጋጣሚ በኩል ነው።"
ተቃራኒው ነው። ከሄንሞር ወንዝ በስተሰሜን የተወለዱት አፓርድስ፣ በስተደቡብ የተወለዱት ዳውናርድስ ይባላሉ። ሁሉም ኳሱን የሚታገለው ወደ ራሱ ጎል ለመውሰድ ነው፦ አፓርድስ ወደ ላይኛው ስተርስተን፣ ዳውናርድስ ወደ ታችኛው ክሊፍተን። በሁለቱ መካከል 5 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ጎሎቹ ድሮ የውሃ ወፍጮዎች ነበሩ፤ ወፍጮዎቹ ስለፈረሱ በ1996 የወፍጮ ድንጋይ ያለበት የግንብ ጎል ወንዙ ዳር ተሠራላቸው። አግቢው ውሃው ውስጥ ቆሞ ኳሱን ከድንጋዩ ጋር ሦስት ጊዜ ማጋጨት አለበት። ኳሷም የእሱ ትሆናለች። ጎል ሳይገባ የሚመሽበት ቀንም አለ።

"ስሙ እግር ኳስ ስለሆነ በእግር ይመታል።"
አልፎ አልፎ ነው እንጂ በአብዛኛው በእጅ ታቅፎ ይሄዳል። ኳሱ ከተለመደው የሚተልቅና የሚከብድ፣ በቆዳ የተሰፋ፣ በቀለም ያጌጠ ነው። ውስጡ የታጨቀው የቡሽ ፍርፋሪ ነው፤ ወንዝ ውስጥ ሲወድቅ እንዳይሰምጥ። ተጫዋቾቹ ተጣብቀው በሚገፋፉበት ክምር ውስጥ ኳሱ የት እንዳለ ከውጭ አይታይም፤ ሯጮች ግን ዳር ቆመው ሾልኮ እስኪወጣ ይጠብቃሉ። እንግዳ ተመልካች ብዙ ጊዜ የሚያየው እንፋሎት የሚወጣው የሰው ክምር ብቻ ነው።

"ሕግ የለውም።"
አጭር ነው እንጂ አለው። ነፍስ ማጥፋት ክልክል ነው (አዎ፣ ይህም ሕግ ነው)። ኳሱን በመኪና መውሰድም ሆነ በልብስና በቦርሳ መደበቅ አይፈቀድም። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ መካነ መቃብርና የመታሰቢያ መናፈሻ አይገባባቸውም። በኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር ዘይቤ ከቀኑ 8 ሰዓት ተጀምሮ ቢዘገይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ያበቃል።

"የመጀመሪያው ኳስ የተቆረጠ የሰው ጭንቅላት ነበር።"
አፈ ታሪክ ነው። የቆዩት መዝገቦች በ1890ዎቹ በእሳት ስለወደሙ አጀማመሩን ማንም በሰነድ ማስረዳት አይችልም።

"'ሮያል' የተባለው ንጉሥ ስለመሠረተው ነው።"
የለም። በኋላ ንጉሥ ኤድዋርድ 8ኛ የሆኑት ልዑል በ1928 ኳሱን ወርውረው ስላስጀመሩ ነው። ንጉሥ ቻርልስም ገና ልዑል ሳሉ በ2003 አስጀምረዋል።

"ተቋርጦ አያውቅም።"
ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች አላስቆሙትም፤ እንዲያውም በ1943 ሴቶች ጎል አግብተዋል። ያስቆመው የከብቶች የአፍና የእግር በሽታ ነው፣ በ1968 እና በ2001። ሕዝቡ ከማሳ ማሳ ስለሚሮጥ በሽታውን በጫማው ያዛምት ነበር። በ2021 ደግሞ ኮቪድ አስቀረው።

ለማየት የሚሄድ ሰው መኪናውን መሀል ከተማ አያቁም፤ ኳሱ የሚወረወረው ራሱ ሾው ክሮፍት ከሚባለው የመኪና ማቆሚያ ነው። ባለሱቆቹም መስኮታቸውን በጣውላ የሚሸፍኑት ያለ ምክንያት አይደለም።