የቤርን ተአምር፦ ከምርኮ የተመለሰ አባትና የ1954ቱ ዋንጫ

«የቤርን ተአምር» በዞንከ ቮርትማን ዳይሬክተርነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2003 በጀርመን ሲኒማ ቤቶች የታየ የቤተሰብ ድራማ ፊልም ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስያሜው ምዕራብ ጀርመን ጁላይ 4 ቀን 1954 በስዊዘርላንዷ ቤርን ከተማ፣ በቫንክዶርፍ ስታዲየም ሀንጋሪን 3 ለ 2 አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫን ካነሳችበት ጨዋታ የተወሰደ ነው። ፊልሙ ግን ከዋንጫው ይልቅ የሚጨነቀው አንድ አባትና አንድ ልጅ እንዴት እንደሚተዋወቁ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በሩር የከሰል ማዕድን አካባቢ በምትገኘው በኤሰን ከተማ ነው። የ11 ዓመቱ ማቲያስ ሉባንስኪ ለከተማው ክለብ ለሮት-ቫይስ ኤሰን የሚጫወተውን ሄልሙት ራንን እንደ አባት ያየዋል፤ ልምምድ ሲሄድ ቦርሳውን ይሸከምለታል፣ ራንም በበኩሉ ልጁን እንደ ገዱ ስለሚቆጥረው ወሳኝ ጨዋታ የሚያሸንፈው እሱ ሜዳ ሲገኝ ብቻ እንደሆነ ይነግረዋል። እናትየው ክሪስታ ትንሽ መጠጥ ቤት ከፍታ ልጆቿን ታሳድጋለች። ከአሥር ዓመት በላይ በሶቭየት ምርኮ የቆየው ባሏ ሪካርድ የሚመለሰው ቤቱ ያለ እሱ መኖርን ከለመደ በኋላ ነው። በባቡር ጣቢያው የሚታየው ትዕይንት ይህን ሁሉ ያለ ብዙ ንግግር ያሳያል፦ ከባቡር የወረደው የከሳ ሰው ሮጦ የሚያቅፈው ሚስቱን ሳይሆን፣ እሱ ትቷት በሄደ ጊዜ ሚስቱ የነበራትን መልክ ይዛ ያደገችውን ሴት ልጁን ነው። ዐይቶት የማያውቀው ማቲያስ ደግሞ አጠገባቸው ቆሞ ይመለከታል።

ሪካርድ ወደ ማዕድን ጉድጓዱ ቢመለስም የመሰርሰሪያው ድምፅ የጦር ሜዳውን እየቀሰቀሰበት መሥራት ያቅተዋል። ቤት ውስጥ በቁጣና በሥርዓት ሊገዛ ይሞክራል፤ ትልቁ ልጅ ብሩኖ በፖለቲካ አቋሙ የተነሳ ከአባቱ ጋር ተጋጭቶ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ይሄዳል። ከሁሉ የሚከብደው የጥንቸሎቹ ነገር ነው። አባትየው ለሚስቱ ልደት ድግስ ብሎ ማቲያስ በፍቅር የሚያሳድጋቸውን ጥንቸሎች ያርዳል። በዚያ የድህነት ዘመን ሥጋ ለገበታ ማቅረብ ለእሱ ደግ ሥራ ነበር፤ ለልጁ ግን ክህደት ነው፤ ፊልሙም ከሁለቱ አንዱን ሙሉ በሙሉ ጥፋተኛ ባለማድረጉ ይመሰገናል። «ጀርመናዊ ልጅ አያለቅስም» የሚለው ይህ አባት ኋላ ራሱ ሲያለቅስ፣ አልፎ አልፎ ማልቀስ እንደሚቻል የሚነግረው ልጁ ነው። የአባትና የልጁን ሚና የተጫወቱት ፔተር ሎማየርና ሉዊስ ክላምሮት በእውነተኛ ሕይወትም አባትና ልጅ ናቸው።

የኳሱ ታሪክ ከዚህ ጎን ለጎን ይሄዳል። ጀርመን በ1950ው የዓለም ዋንጫ እንዳትካፈል ተከልክላ ነበር፤ ሀንጋሪ ደግሞ ከአራት ዓመት በላይ ያልተሸነፈች የ1952 የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ነበረች። በምድብ ጨዋታ የጀርመኑ አሠልጣኝ ዜፕ ሄርበርገር በርካታ ቋሚ ተሰላፊዎቹን አሳርፎ በሀንጋሪ 8 ለ 3 ተሸንፎ ነበር። በፍጻሜው ቀን ዝናብ ዘነበ፤ ጀርመኖቹ በአዲዳስ መሥራች በአዲ ዳስለር የተሠራ፣ ጥርሱ ተፈትቶ የሚቀየር ታኬታ አጥልቀው ገቡ። የሀንጋሪዎቹ ፑሽካሽና ቺቦር በስምንት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ግብ ቢያስቆጥሩም የጀርመኖቹ ሞርሎክና ራን እስከ 18ኛው ደቂቃ አቻ አደረጉ፤ በ84ኛው ደቂቃም ራን በግራ እግሩ የማሸነፊያዋን ግብ አገባ። በመጨረሻ ፑሽካሽ ያስቆጠራት ግብ ከጨዋታ ውጭ ተብላ ተሽራለች፤ ይህ ውሳኔ ዛሬም ያከራክራል።

በወጣትነቱ ራሱ ኳስ ተጫዋች የነበረው ቮርትማን እነዚህን ጎሎች በዝርዝር አስመስሎ ሠርቷቸዋል፤ ተመልካቹን ሕዝብ የሞላው ግን በኮምፒውተር ነው። ሪካርድ ከቄሱ በተዋሰው መኪና ልጁን ይዞ ወደ ቤርን መንዳቱ የታሪኩ ማጠንጠኛ ሲሆን፣ በአንጻሩ ከሙኒክ የመጣው ጋዜጠኛና የሀብታም ልጅ የሆነችው ሚስቱ የሚያስቁ ቢሆኑም ለታሪኩ እምብዛም አይጨምሩም።

ፊልሙ በሎካርኖ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል፤ በጀርመንም ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ አይቶታል። ተቺዎች በበኩላቸው ስሜት ማብዛቱን፣ ጀርመኖችንም ይበልጥ እንደ ተጎጂ ማቅረቡን ነቅፈዋል። ራን ፊልሙ ለሕዝብ ከመታየቱ ሁለት ወር ገደማ በፊት፣ በኦገስት 2003 አረፈ። በፊልሙ መዝጊያ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹ የጦር ምርኮኞች ከዓመት በኋላ ወደ አገራቸው እንደተመለሱ፣ የቤርኖቹ 11 ተጫዋቾች ግን ዳግም አብረው እንዳልተሰለፉ ይገልጻል።