ስፒከር ቢቀየርም የማይጠፋው ፉጨት፦ ስለ አሮጌ መኪና ቴፕ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በባሕር ዳር በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የቆየ ሰው ሁሉ «ቴፑ እያፏጨ አስቸግሮኛል፤ ስፒከሩ ተበላሽቷልና ቀይርልኝ» የሚል ደንበኛ በየጊዜው ያጋጥመዋል። ደንበኛው ምርመራውን ራሱ ጨርሶ፣ መድኃኒቱንም ራሱ አዝዞ ስለሚመጣ የእኛ ድርሻ ብሎን መፍታት ብቻ ይመስለዋል። የተቀደደ ወይም የተቃጠለ ስፒከር ሞተሩ ቢነሳም ባይነሳም ይንሸካሸካል፣ አለዚያም ጭራሹን ዝም ይላል። ነዳጅ ሲሰጡት የሚቀጥን፣ ሲለቁት የሚወፍር ፉጨት ግን ከስፒከር አይመነጭም፤ ስፒከሩ ሞተሩ በምን ፍጥነት እንደሚዞር የሚያውቅበት መንገድ የለውምና።

ፉጨቱ የሚነሳው ከዲናሞው ነው። ዲናሞ የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በውስጡ ባሉት ዳዮዶች ወደ ቀጥተኛ ቢቀየርም ጥቂት ሞገድ ይቀርበታል፤ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥርም ሞገዱ ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ባትሪውና ማሳው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ነጋቲቭ የሚመለስበት ግንኙነት፣ ደኅና በሆነ መኪና ይህ አይሰማም። ማሳው ሲላላ፣ ሲዝግ ወይም ቀለም ላይ ሲታሰር ግን ሞገዱ ወደ ቴፑ መግቢያ ያገኛል።

በጎንደር መስመር የሚሠራ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ሌላ ቦታ ስፒከሮቹን በሙሉ፣ ቀጥሎም ቴፑን ራሱን አስቀይሮ፣ ፉጨቱ እንዳለ ወደ እኔ መጣ። ክሩስኮቱን፣ ማለትም ቴፑ የሚገጠምበትን የሹፌሩን የፊት ሰሌዳ፣ ስፈታ የቴፑ ጥቁር ሽቦ ቀለም በተቀባ ስስ ላሜራ ላይ ታስሮ፣ ጫፉ አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ አገኘሁት። ቀለሙን ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ፍቄ፣ ሽቦውን በአዲስ ተርሚናል አጥብቄ ሳስረውና ግሪስ ስቀባው ፉጨቱ ጠፋ። የከፈለኝ ገንዘብ የአንዱን ስፒከር ዋጋ እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ያስለኩ። ሞተሩ ተነስቶ፣ ቴፑ ድምፁ ከፍ ብሎ እየሠራ፣ የቴስተሩ አንድ ጫፍ የባትሪው ነጋቲቭ ላይ፣ ሌላው የቴፑ ብረት ላይ ይሁን፤ ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ችግር አለበት። በባትሪው ሁለት ጫፎች መካከል ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ መነበብ አለበት። ቴስተሩ ወደ ተለዋዋጭ ተቀይሮ ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ የዲናሞው ዳዮድ ይጠረጠራል። ከኋላ አምፕሊፋየር ያስገጠመ ሰው የድምፅ ገመዱን ከባትሪው ወፍራም ገመድ ጋር አንድ ላይ አያስተኛ፤ አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ በኩል ይሂድ።

«ፊልተር (የድምፅ ማጣሪያ) ከተገጠመ ያበቃል» የሚሉም አሉ። ፊልተር ድምፁን ይቀንስ ይሆናል እንጂ የላላ ማሳ አያጠብቅም። ቴፑ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱንና ጣቢያዎቹን የሚረሳው ስላረጀ ነው የሚለውም ብዙውን ጊዜ ስሕተት ነው፤ መኪናው በቁልፍ ተዘግቶም ቢሆን ከባትሪ ኤሌክትሪክ ማግኘት ያለበት ሽቦ፣ በአብዛኛው ቢጫው፣ ከቁልፉ ጋር በሚጠፋ መስመር ላይ ተቀጥሎ ይገኛል።

በጣም የሚያናድደኝ ግን «ፊውዙ ቶሎ ቶሎ ይቃጠላልና ከፍ ያለ አድርግበት» የሚለው ነው። ፊውዝ የሚጠብቀው በዋናነት ሽቦውን ነው። በ10 አምፔር ፋንታ 30 ሲደረግ፣ ይባስ ብሎም የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ሲጠቀለልበት፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚቃጠለው ክሩስኮት ውስጥ ያለው ሽቦ ነው፤ መኪናውም ሊከተል ይችላል።

የጣና እርጥበት ቴፕ ይገድላል የሚለው ወሬ ደግሞ ከሐይቁ ዳር አይጠፋም። ጣና እንደ ቀይ ባሕር ጨዋማ አይደለም። ቴፑን የሚጎዳው ይልቁንም የክረምት ዝናብ ነው፤ በደረቀ የመስታወት ጎማና በአንቴናው እግር በኩል ሰርጎ ሶኬቱን ያዝገዋል። ሬዲዮ ሲከፈት ብቻ የሚሰማ፣ ከሞተሩ ጋር የሚፈጥን ቷ ቷ የሚል ድምፅ ካለ አንቴናውን ከቴፑ ጀርባ ይንቀሉት። ድምፁ አብሮ ከጠፋ የሚገባው በአንቴናው ነውና እግሩን ፈትተው ዝገቱን ይፋቁ፤ የቤንዚን መኪና ከሆነም የካንዴላ ገመዶቹን ያስፈትሹ።